መስኮት ያለው ቤት

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣
ሦስት ሆነን ተከራየን፣
በር እንጂ መስኮት የሌላት ክፍል፣ ሰማይ የማታሳይ።
እንየው ከቢቸና፣ ስማቸው ከሞጣ፣
እኔ ከደምበጫ፣ በእህል አይሱዙ ላይ ተጭኜ ስመጣ።

ቀን ቀን ለከተማው የምንጽፈው ጽሑፍ፦
«ሥጋ ቤት»፣ «ጎሚስታ»፣ «ጸጉር ቤት፣ በዚህ እለፍ»።
በሬ እንሥላለን፣ ሻኛው የሚያምር፣
እኛ የምንከርመው በድርቆሽ ፍርፍር።

ማታ ግን ለራሳችን። ከየጣሳው ግርጌ የተረፈው ቀለም፣
ማዳበሪያ ጆንያ በሚስማር ተወጥሮ፣ ያ ነበር የኛ ዓለም።
እንየው ከሰው እጅ በቀር ሌላ አይሥልም፤
ስማቸው በቅሎ ይሥላል፣ ዓባይን ዘላ የምታልፍ፣ እግሯ ውኃ አይነካም።
እኔ ጫማ እሥላለሁ። አንድ ጥንድ ነውና ለሦስት ሰው ያለን፣
ተራ የደረሰው ከተማ ይወጣል፣ የቀረን እንሥላለን።
አንድ ጋቢ አለን። መሐል የተኛ ሰው ይሞቀዋል፣ ያንኮራፋል፣
ዳርና ዳር ያለ እስኪነጋ ድረስ ጋቢ ይጎትታል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስማቸው ታመመ።
ታይፎይድ ነው አሉን። ከግድግዳው ጋራ ተፋጦ ከረመ።
ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጋዜጣ የለበሰ፤
የከረመ ጨረታ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ አንብቦ ጨረሰ።
«ምነው» አለ አንድ ማታ፣ ትኩሳቱ ሲብስ፣ «ምነው መስኮት ቢኖር፣
ጮቄን ባየው ኖሮ፣ ደመና ለብሶ ሲያድር።»

እንየው ተነሣ። አንድም ቃል አልተናገረ።
ከሰል አነሣና ባለ አራት ማዕዘን ድንበር አሠመረ።
ከባንኩ ማስታወቂያ የተረፈውን ሰማያዊ ሰጠሁ፤
እሱ በጣቱ ቀባ፣ እኔ በጨርቅ አሸሁ።
ሲነጋጋ ጮቄ ግድግዳችን ላይ ቆሟል፤
ከሥሩ አንድ መንገድ፣ እንደ መቀነት ነጭ፣ እስከኛ ተዘርግቷል።
«እንዴ፣ ዝጉት!» አለ ስማቸው ከጋቢው ሥር፣ «ብርዱ እኮ ገባ!»
የሳቅነው ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክረምቱ ከገባ።

ወሩ ሲያልቅ እትዬ ይታይሽ መጣች።
በሩ ላይ ቆመችና ግድግዳውን አየች።
«ለካስ መስኮት ያለው ቤት ነው ያከራየሁት!
ሃምሳ ብር ጨምሩ…» ቀልዱን ሳትጨርሰው፣
ዓይኗን መንገዱ ላይ ጥላ ቀረች እንደ ሐውልት።
«ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የሄደው፣
ዘጠኝ መኸር ሆነ።
እዚህ መንገድ ላይ፣ ሩቅም ቢሆን፣ እስቲ ጣል አድርጉ አንድ ሰው።
የዚህን ወር ልተወው።»

አንድ ነጥብ ጣልን፣ ከጤፍ የማትበልጥ፣
ከመንገዱ ማዶ፣ ጭጋጉ መካከል፣ ስትጠፋ ስትገለጥ።
በየወሩ ማብቂያ፣ በኪራዩ ፋንታ፣
አንድ ስንዝር ቀረብ እናደርገዋለን፣ በአንድ ሙሉ ማታ።
መስከረም ላይ ዣንጥላ ያዘ። ጥቅምት ላይ ዱላ።
ኅዳር ላይ ወንዝ ሣልን፣ ቶሎ እንዳይደርስብን፤
አሻገረችው እሷ፣ «ድልድይ ሥሩ» ብላ።

ስማቸው ድኗል። በሌሊት ያስባል።
«ደጅ ሲደርስስ?» ይላል፣ «ፊት ያስፈልገዋል።
ፊቱን ማን አውቆት ነው? ማናችን አይተነው?»
እንየው ዝም ይላል፤ እጅ ብቻ ነዋ የሚያውቅበት ሰው።

ጥር ላይ አጥሩ ጋ ደረሰ፤ ቁልቋሉ ሥር ቆመ።
ብሩሹ ተነክሮ ወጣ፣ ተነክሮ ወጣ፤ የእንየው እጅ ደከመ።
«ዓይኑ ምን ይመስላል?»
«ዓይኑማ…» አለች፣ «ዓይኑማ…» የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች፣ ፈታች፣ ቋጥራ ፈታ፤
«ፍኖተ ሰላም! ቡሬ!» የሚል የረዳት ድምፅ ገባ በዚያ ፀጥታ።
«ግንባሩ ላይ ጠባሳ… የግራው ነው? የቀኝ?»
ፊታችን ላይ ፈለገችው፣ ከስማቸው ጉንጭ፣ ከእኔ ቅንድብ። «እኔ እንጃልኝ።»

ከዚያ ተነሣች። ወደ መስኮቱ ቀረበች።
ገና ፊት የሌለውን ራስ በአውራ ጣቷ አበሰች።
«ወደ ማዶው መልሱት» አለችን፣ «ከጮቄ ሥር፤
እዚያ እያለ መልኩ አይጠፋኝም ነበር።»

ያን ሌሊት በሻማ ዱላውን ፋቅነው፣ ዣንጥላውን ፋቅን፤
ከጤፍ የማትበልጥ ነጥብ፣
ሦስታችን ባንድ ብሩሽ፣ እጅ በእጅ ደርበን።
የጥር ወር ኪራይ በዚሁ ተከፈለ።
ድልድዩን መፋቅ ግን ማንም አልደፈረም። እዚያው አለ።